በክረምት ከውሻ ጋር በዱር ስለ ማደር

የዛሬው ንግግራችን ክረምት በገባ ጊዜ ከቤቱ ርቆ፣ ውሻውን አስከትሎ፣ በድንኳን ወይም በዳስ የሚያድር ሰው ራሱንም ውሻውንም ከዝናምና ከአራዊት እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያስረዳ ነው። ነገሩ በተለይ የሚመለከተው በቢቸናና በሞጣ መካከል፣ በግንደወይንና በዙሪያዋ ሆናችሁ፣ አንድ ጊዜ ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርዱትን፣ ሌላ ጊዜ ወደ ጮቄ የምትወጡትን ወገኖቻችንን ቢሆንም፣ ድንኳን ተሸክማችሁ አገር ለማየት የምትወጡ የከተማ ወጣቶችም ጆሯችሁን ብትሰጡን አትጎዱበትም።

ውሻ አስከትሎ መንገድ መሄድ የዛሬ ልማድ አይደለም። በመጽሐፈ ጦቢት እንደ ተተረከው፣ ወጣቱ ጦብያ አባቱ በሩቅ አገር በአደራ ያስቀመጠውን ብር ሊያመጣ በተነሣ ጊዜ፣ መልአኩ ቅዱስ ሩፋኤል በሰው አምሳል ሆኖ ሲመራው፣ ውሻውም አብሮ ወጥቶ ነበር፤ በመሸባቸውም ጊዜ በጤግሮስ ወንዝ ዳር አደሩ። መምህራኖቻችን ስለ መልአኩና ከወንዙ ስለ ወጣው ዓሣ ብዙ ያስተምራሉ፤ ስለ ውሻው የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ያ ውሻ ጮኸ ወይም ነከሰ ሳይባል፣ ሲሄዱ አብሮ ሄዶ ሲመለሱ አብሮ መመለሱ ብቻ የተጻፈለት፣ ለመንገድ የሚሆን ውሻ ከሁሉ በፊት ሊኖረው የሚገባው ጠባይ ከጌታው አለመለየት ስለሆነ ነው።

በቅዱሳት መጻሕፍት ድብም ተደጋግሞ ይወሳል። ቅዱስ ዳዊት ገና እረኛ ሳለ በጉን ከአንበሳና ከድብ እንዳስጣለ፣ ነቢዩ ኤልሳዕን በዘበቱበት ልጆች ላይም ሁለት ድቦች ከዱር እንደ ወጡባቸው እናነባለን። በአገራችን ግን ድብ የለም፤ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ሁሉ የለም፤ በሰሜን አፍሪካ በአትላስ ተራሮች ይኖር የነበረውም ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም ድብ በሚበዛበት በሰሜን አሜሪካ የዱር ጠባቂዎች ለመንገደኛ የሚሰጡት አንድ ምክር ለእኛም ይጠቅመናል። ውሻህን በማሰሪያ ያዝ ይላሉ። ምክንያቱም ያልታሰረ ውሻ ሽታ ተከትሎ ድቡን ካገኘው በኋላ ይጮኽበታል፤ ይተነኩሰዋል፤ ድቡ ተቆጥቶ በዞረበት ጊዜ ግን የሚሸሸው ወደሚተማመንበት ወደ ጌታው ነው፤ ስለዚህ ሰውየው በሰላም ቡናውን እያፈላ ሳለ፣ ውሻው ከፊት፣ ድቡ ከኋላ ሆነው ይመጡበታል። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ዱር ለዱር ሲንሸራሸሩ ይህን ትእዛዝ እንደ ማንገላታት ይቆጥሩት ይሆናል፤ ትእዛዙ ግን በከንቱ የወጣ አይደለም።

ይህን ነገር ከድብ ወደ ነብርና ወደ ጅብ ብናዛውረው ከቶ የሚለወጥ የለውም፤ እንዲያውም ይብሳል። ድብ ውሻን የሚጠላው ስለሚተነኩሰው ነው፤ ነብር ግን ውሻን ለምግብ ይፈልገዋል፤ ሌሊት ከመንደር ዳር ውሻ ነጥቆ መሄድ የቆየ ልማዱ ነው። ጅቦችም በመንጋ ሆነው ብቸኛ ውሻ ሲያገኙ አይምሩትም። ስለዚህ ውሻዬ ይጠብቀኛል ብሎ ለቅቆት የሚተኛ መንገደኛ፣ ሳያውቀው በሰፈሩ ዙሪያ የሚዞር ማባበያ ማሰማራቱ ነው። የውሻ ጥቅሙ በጥርሱ አይደለም፤ በጆሮውና በአፍንጫው ነው። እኛ የማንሰማውን ሰምቶ፣ የማናሸተውን አሽትቶ፣ ከእንቅልፋችን ሊቀሰቅሰን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኛ እንጂ የእርሱ አይደለም።

ስለ ጅብ ድፍረት በጎጃም ምድር የሆነ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የዓባይን ምንጭ ሊያይ የመጣው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1769 እስከ 1771 ድረስ በአገራችን በቆየበት ጊዜ፣ ከጣና በስተ ደቡብ በሜጫ አገር አንድ ሌሊት በድንኳኑ ውስጥ ሆኖ ከዋክብትን ሲመለከት፣ ከኋላው አንድ ነገር ወደ መኝታው ሲያልፍ ይሰማል። ዞሮ ቢመለከት ምንም አላየም፤ ከድንኳኑ ወጥቶ ሲመለስ ግን በጨለማው ውስጥ ሁለት ዓይኖች ያበራሉ፤ መብራት ቢያስመጣ፣ በአልጋው ራስጌ ትልቅ ጅብ የሻማ እስር በአፉ ይዞ ቆሟል። ብሩስ የተጨነቀው ለነፍሱ ሳይሆን፣ ቢተኩስ የከዋክብት መለኪያ መሣሪያውን እንዳይሰብር ነበር፤ ኋላ ግን በጦር ወግቶ፣ አሽከሩም በመጥረቢያ ረድቶት ገደሉት። የዚያ ዘመን ሻማ ከሞራም ይሠራ ስለ ነበር፣ ጅቡን ወደ ድንኳኑ የጠራው የሰው ሥጋ ሳይሆን የሞራው ሽታ ሳይሆን አይቀርም። ድንኳን ለጅብ ግድግዳ እንዳይደለ፣ በውስጡ ያለው ሽታ ግን ግብዣ እንደሆነ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ምስክር አላገኘሁም።

እንግዲህ ስንቅን በአገልግል ከትቶ ከራስጌ አኑሮ መተኛት፣ ከሌባ ለመጠበቅ ጥሩ ቢሆንም፣ ከጅብ ለመጠበቅ ክፉ ዘዴ ነው። በሶና ቆሎ እምብዛም አይሸቱም፤ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ቋንጣና ወጥ ግን ከመኝታ ርቆ ካለ ዛፍ ላይ ሊሰቀሉ ይገባል። ምግብ የሚበስልበትም ቦታ ከሚተኙበት ራቅ ቢል ይሻላል። ጅብ ቆዳም ስለሚበላ፣ ጠፍር፣ ኮርቻ፣ ጫማና ጅራፍ ውጭ አይደርም። ለውሻው የተጣለ አጥንትም ጅቡን ስለሚጠራ፣ ውሻው በልቶ ያስተረፈውን ሰብስቦ ከሰፈሩ ማራቅ ያስፈልጋል።

ጅብ ጥንብ ብቻ የሚበላ ፈሪ አውሬ ነው የሚለው የተለመደ አነጋገር እውነት አይደለም። በመንጋ የሚኖር፣ እንስቲቱ ከወንዱ የምትገዝፍበትና የምትገዛበት፣ አጥንት ሰባብሮ የሚፈጭ መንጋጋ ያለው፣ ሲያስፈልገውም ራሱ አድኖ የሚገድል ፍጥረት ነው። በትግራይ የተደረገ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የታተመ አንድ ምርምር እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ገልጧል። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ ሰብስበው በውስጡ የተገኘውን ጠጉር ሲመረምሩ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት የአህያ ጠጉር የተገኘበት ከመቶው 15 ያህል የነበረው፣ በጾሙ ወራት ወደ 33 ከፍ አለ፤ ከፋሲካ በኋላም ወደ 22 ዝቅ አለ። ምእመናን ሥጋ ሲተዉ ከየቤቱና ከየሥጋ ቤቱ የሚጣለው ትራፊ ስለሚቀንስ፣ ጅቡ ሳይጾም ቀርቶ ወደ አህያ ዞረ ማለት ነው። ምርምሩ የተደረገው በዐቢይ ጾም ቢሆንም፣ ጾመ ፍልሰታ በክረምቱ ልብ ላይ የሚውል ስለሆነ፣ በነሐሴ አህያ እየነዳ የሚያድር ነጋዴ ከወትሮው ይልቅ ቢጠነቀቅ የሚነቅፈው አይኖርም።

የቀድሞ ሲራራ ነጋዴዎች በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ብልሆች ነበሩ። ዓባይ በክረምት ሞልቶ መሻገሪያው ስለሚዘጋ ጉዟቸውን በበጋ ያደርጉ ነበር፤ በሰፈሩበትም ቦታ ጭነቱን እንደ ቅጥር ደርድረው፣ አጋሰሱን ከመካከል አስረው፣ እሳት አንድደው፣ በየተራ እየነቁ ያድሩ ነበር እንጂ፣ ውሻ አለን ብለው ሁሉም በአንድነት አይተኙም። የዛሬው መንገደኛ መኪና ባለበት በመኪና ስለሚሄድ በዱር ማደሩ ቀንሷል፤ ነገር ግን ከመኪና መንገድ ርቆ የሚውል እረኛ፣ ከብት ነጂና ገበያተኛ ዛሬም አለ።

በነገራችን ላይ፣ በአገራችን የውሻን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ማን ነው ብትሉኝ፣ አዳኙ ነው ወይም እረኛው ነው አልልም፤ የቆሎ ተማሪው ነው እላለሁ። በዲማና በደብረ ወርቅ ቅኔ ሊማር የመጣ፣ ደበሎውን ለብሶ በየደጁ ስለ ማርያም ሲለምን የኖረ ሰው፣ የትኛው ውሻ በጩኸት ብቻ እንደሚያስፈራራ፣ የትኛውም ድምፅ ሳያሰማ ከኋላ እንደሚመጣ በተረከዙ ተምሯል። እርሱ እንደሚነግራችሁ፣ የሚጮኽ ውሻ ዘብ ነው፤ የማይጮኽ ውሻ ግን ለመንገድ አይሆንም።

አሁን ወደ ዝናሙ እንምጣ፤ ብዙ ሰው አውሬውን ሲፈራ የሚጎዳው በዝናሙ ነውና። ማደሪያ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ጎርፍ ከወዴት ይመጣል የሚለው ነው። ከጮቄ የሚወርዱት እንደ ሱሃና እንደ ሙጋ ያሉ ወንዞች፣ በእናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ በላይ በዘነበ ዝናም ብቻ በድንገት ሊሞሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ወንዝ ዳር ያለው ለስላሳ አሸዋና ለምለም መስክ ለዓይን ያማረ ቢሆንም፣ ለክረምት ሌሊት የተሠራ አይደለም። የወንዝን ኃይል ለመገመት ከሞጣ ወደ ዓባይ ወርዶ ሰባራ ድልድይን ማየት ይበቃል፤ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ያ ድልድይ በጠላት ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈርሶ፣ ሰው ለብዙ ዘመን በገመድ እየተሳበ ሲሻገርበት ከቆየ በኋላ ቢጠገንም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የመጣ ጎርፍ ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። የድልድይ ጥገና የወሰደ ውኃ ለሸራ ድንኳን አይራራም።

ከወንዝ መራቅ ማለት ግን ኮረብታ ጫፍ ላይ መውጣት ማለት አይደለም፤ በዚያ ደግሞ መብረቅ አለ። ከገደል ጠርዝ፣ ከተራራ ጉልላትና ከሁሉ ይልቅ በሜዳ ላይ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር መስፈር አይገባም። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጐድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ብትቈጥሩ፣ ሦስት ሰከንድ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው፤ ቍጥሩ እያነሰ ከሄደ መብረቁ እየቀረበ ስለሆነ፣ ከብረት ዘንግና ከጦር ርቆ፣ ተበታትኖ፣ በዝቅተኛ ስፍራ መጠበቅ ይሻላል። የተመረጠው ማደሪያ ጥቂት ተዳፋት ያለው፣ ነፋስ የማይበዛበት ቦታ ይሁን፤ ከድንኳኑ በላይ በኩልም ውኃውን ወደ ጎን የሚያወጣ ትንሽ ቦይ ይቈፈር።

ብርድ በዝናም ጊዜ ከውርጭ ይልቅ አታላይ ነው፤ የረጠበ ልብስ ሙቀታችንን ይጠጣዋልና። ጋቢ ጥጥ ስለሆነ ሲረጥብ ሙቀቱ ሁሉ ይጠፋል፤ ባና ግን ከበግ ጠጉር የተሠራ በመሆኑ ረጥቦም ቢሆን ጥቂት ይሞቃል። እረኞቻችን በራሳቸው ላይ የሚደፉት ገሳ ዝናሙን ከትከሻ ላይ የሚያፈስስ ጥበበኛ ልብስ ነው፤ ከከተማ የሚመጣ ላስቲክ ለባሽም ሊንቀው አይገባም። ለእሳት የሚሆን ደረቅ ጭራሮና ኩበት አስቀድሞ በቆዳ ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ ከቤት መያዝ አለበት፤ ማምሻ ላይ በዝናም የራሰ እንጨት ይዞ ክብሪት መጨረስ ቁጣ እንጂ እሳት አያመጣምና። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባችኋለሁ። የከሰል ማንደጃ ወደ ድንኳን አስገብቶ፣ ደጃፉን ዘግቶ መተኛት ሞት ነው፤ ከከሰሉ የሚወጣው መርዘኛ አየር ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውየው ሞቆት ሲያንቀላፋ ሳይነቃ ይቀራል፤ ውሻም ከዚህ አያድነውም።

ዝናም በውሻው ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በድንኳኑ ሸራ ላይ የሚወርደው ዶፍ የሌላውን ድምፅ ሁሉ ስለሚውጠው፣ በበጋ ሌሊት ከሩቅ ሰምቶ የሚጮኸው ውሻ በክረምት አውሬው ከአጠገቡ ሲደርስ ብቻ ይነቃል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለውም ስንፍናን ለመንቀፍ ቢሆንም፣ በዝናም ሌሊት ስንፍና ሳይኖርም የሚደርስ ነገር ነው። ስለዚህ በከባድ ዝናም ሰዓት ሰው ራሱ በተራ መንቃት አለበት። ረጥቦ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ዘብ ሊሆን አይችልም፤ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ከሥሩ ደረቅ ሣር ወይም ጭድ ተነጥፎለት፣ በድንኳኑ ደጃፍ ታዛ ሥር፣ ነፋስ በማይመታበት በኩል፣ በአጭር ሰንሰለት ይታሰር። ከሰፈሩ ራቅ አድርጎ ማሰር ለነብር መስጠት ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ከመንገድ እንደ ደረሳችሁ፣ ገና ሳይመሽ፣ በዚያው በሚታሰርበት ቦታ ምግቡን ስጡት፤ ያን ጊዜ እንግዳውን ምድር እንደ ደጁ ቈጥሮ ይጠብቀዋል።

ውሻው በሌሊት አጥብቆ ቢጮኽ ወይም ጠጉሩን አቁሞ ዝም ብሎ ወደ አንድ ወገን ቢያፈጥጥ፣ ፈትታችሁ አትልቀቁት። ሁላችሁም ተነሥታችሁ በአንድነት ቁሙ፤ ልጆችን መካከል አስገቡ፤ ባትሪ ወይም የሚነድ እንጨት ወደዚያ አሳዩ፤ ጩኹ፤ ድንጋይ ወርውሩ፤ ከቶ ግን አትሩጡ። እሳት ጅብን ብዙ ጊዜ ያርቀዋል፤ የተራበና ሰውን የለመደ ጅብ ግን በእሳት ብርሃን ዳር ቆሞ የሚያሸልበውን እስኪያገኝ ሊጠብቅ ይችላል። ከድንኳን ውጭ፣ በተለይ ፊትን ገልጦ መተኛት ስለዚህ ነው የሚከለከለው።

ቀጥሎ የምናገረው ከጅቡም ከነብሩም የሚበልጥ አደጋ ነው፤ እርሱም የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884፣ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥት፣ ይህ በሽታ በትግራይ፣ በቤጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ተነሥቶ ብዙ እንዳጠፋ ተጽፏል፤ በ1903 ደግሞ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በአዲስ አበባ ተነሣ። በእነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል ባለችው በ1885 ዓመት ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እብድ ውሻ የነከሰውን አንድ ልጅ በክትባት አዳነ፤ እኛ ግን መድኃኒቱ ከተገኘ ይህን ያህል ዘመን አልፎም በዚሁ በሽታ ሰው እየቀበርን ነው። በሽታው በዓለም ሁሉ ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጐደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ሲሆን፣ ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ሐኪም የሚያደርገው ነገር የለውም።

በዱር የሚያድር ውሻ ከታመመ ጅብ ወይም ቀበሮ ጋር ሊናከስ ይችላል፤ በቀን ብርሃን በሰው መካከል ሳይፈራ የሚሄድ አውሬም እንደ ታመመ መጠርጠር አለበት። ስለዚህ መንገድ የሚወጣ ውሻ አስቀድሞ መከተብ አለበት። በንክሻም ሆነ በጭረት የቆሰለ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ፣ ሳይቸኩል፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠበው፤ ክረምት ነውና ውኃ አጣሁ አይባልም። ከዚያ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ክትባቱም በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ስለሆነ በመካከል አያቋርጠው። በሽታው ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ተኝቶ የሚቆይ መሆኑ ብዙዎችን አታሏል፤ ቁስሉ ደረቀ፣ ሥር አሰርሁ፣ ተረፍሁ ብለው ዝም ያሉ አሉ። ጸሎቱም ጠበሉም አይቅር፤ የሐኪሙ መርፌ ግን አይዘግይ።

ውሻችን የሚያመጣው በሽታ የሚጎዳው ሰውን ብቻ አይደለም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በጮቄ ተራራ ላይ ቀድሞ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር፤ ይህ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ፣ በደጋ ሜዳ አይጥና ፍልፈል እያደነ የሚኖር ፍጥረት፣ ዛሬ ከጎጃም ጠፍቷል። መኖሪያው መታረሱና መጋጡ የታወቀ ነው፤ በሌሎች ተራሮች ደግሞ የውሻ በሽታ ምን ያህል እንደሚያጠፋው በዓይን ታይቷል። በባሌ፣ በዌብ ሸለቆ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ከእረኞች ውሾች የተነሣ የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ከሚጠኑት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ገደለ፤ ከዚያ ወዲህም ሌላ የውሻ ወረርሽኝ ተጨመረበት። በአገራችን በሙሉ የቀረው ከ500 የሚያንስ ነው። የእረኛው ውሻ ክፉ አልነበረም፤ መንጋውን ከጅብ ይጠብቅ ነበር፤ የጎደለው ክትባትና ማሰሪያ ብቻ ነው።

ስለዚህ በጮቄ፣ በግንደወይን ዙሪያና በዓባይ በረሃ የምትንቀሳቀሱ ወገኖች ውሻችሁን አስከትባችሁ፣ አስራችሁና አብልታችሁ ያዙት። ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ባሌ ወይም ወደ መንዝ ጓሳ አገር ለማየት ለመሄድ ያሰባችሁ ግን፣ በዚያ ቀይ ቀበሮው ገና በሕይወት ስላለ፣ ውሻውን ከቤት ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ የዚያ አገር ጠባቂዎች ስለ ሌሊቱ አራዊት ከማንኛውም ውሻ ይልቅ ይነግሯችኋል።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚህ ሰዓት ክረምት በከብት ላይ ስለሚያመጣው በሽታ እንነጋገራለን።